ክር የሌለው ስፌት፦ የወይዘሮ ተናኘ ይመር የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ተናኘ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር ሞላልኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ በሺር በመስከረም ወር 1941 ዓ.ም. ከደሴ ብዙም በማይርቀው በገራዶ ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ሳያድጉ ስለቀሩ ወላጆቻቸው በስስት ነው ያሳደጓቸው። ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳ አንሥተው ወደ ጓዳ ያስገቧቸው ነበር ይባላል።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የበኩር ልጃቸው ብርቄ ቢያዝን ናት፤ ከመቀጠሏ በፊትም አንድ ነገር ማስታወቅ ግድ ሆኖባታል። እናታችን ከቀብር በተመለሱ ቁጥር ነጠላቸውን እያጠፉ፣ «የዛሬው ሟች ደግሞ ኃጢአት የሚባል ነገር በዝና ነው የሚያውቁት፤ እንዲህ ዓይነት ሰው በመካከላችን ሲኖር እንዴት ሳናውቀው ቀረን?» ይሉ ነበር። የእርሳቸው የሕይወት ታሪክ በተራው ሲነበብ ግን ያ የኮምቦልቻ ቀን እንዳይዘለል ልጆቻቸውን ቃል አስገብተዋል። «ብትዘሉት እንደ መዋሸት ነው፤ ደግሞ እዚያ ከተቀመጠው ሰው መካከል ቃሉ የሚያስፈልገው አይጠፋም» ብለዋል። ስለዚህ አልተዘለለም።

ወይዘሮ ተናኘ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ደሴ ሆጤ ከሚኖሩት አክስታቸው ዘንድ ተልከው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያም ፒያሳ በረንዳ ላይ ይሰፉ ከነበሩት ከአቶ ጀማሉዲን ልብስ ስፌት ለመዱ። በዚያ ጊዜ በረንዳ ላይ የሚሰፋ ወንድ ብቻ ስለነበረ ልጃገረድ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ ያየ ሁሉ ቆሞ ይስቅ ነበር። አቶ ጀማሉዲን ግን ሳቁን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ የካኪ ሱሪ እንዲያጥፉ ይሰጧቸው ነበር፤ የካኪ ሱሪ ማጠፍ የጀማሪ ሥራ እንዳልሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲያስተምሯቸውም መጀመሪያ መኪናውን ያለ ክር በአቡጀዲ ላይ ያስረግጧቸው ነበር። እግር ካልለመደ ክር ማባከን ነው ይሉ ነበር። ይህ ልምምድ ኋላ ለምን እንደዋለ እንመለስበታለን።

በ1960 ዓ.ም. በደሴ ከነበሩት ወንጌላውያን አማኞች ጌታን አውቀው፣ በ1966 ዓ.ም. በእህል መጋዘን ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ቢያዝን እንድሪስ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣመሩ። የጥሎሽ የስፌት መኪናቸውን አስጭነው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሸሻ በር ቤት ተከራዩ። ግድግዳ የሚጋሯቸው እትዬ ጣይባ ነበሩ። እትዬ ጣይባ ሰላታቸውን የማያሳልፉ፣ አፋቸው ሰላም የማያውቅ፣ ልባቸው ግን የትም የማይገኝ ሴት ነበሩ። ሙሽሮቹ በገቡ ሳምንት በግድግዳው በኩል፣ «መዝሙራችሁን ዝቅ አድርጉት፤ ልጆቼ ከቁርኣናቸው ጋር እያደባለቁት ነው!» ብለው ጮኸዋል። ወዳጅነቱ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ከዚያ የፍርሃቱ ዘመን መጣ። የጸሎት ቤቱ ተዘጋ፤ ወንበሩም ጣሪያውም የቀበሌ ሆነ። ስብሰባ ሲከፈትም ሲዘጋም ሁሉም ሰው ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አንሥቶ «አብዮቱ ከሁሉም በላይ!» ማለት ነበረበት። ለብዙው ሰው የአፍ ጉዳይ ነበር፤ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ለእነዚህ ጥቂት አማኞች ግን ከሁሉም በላይ የሚሉት አንድ ጌታ ብቻ ስለነበረ፣ ሌላውን ሁሉ ታዘው ያቺን አንዲት ቃል አንልም አሉ። ቆፍሩ ሲባሉ ይቆፍራሉ፣ ዘብ ውጡ ሲባሉ ይወጣሉ፤ እጅ አንሡ ሲባሉ ግን እጃቸው ከጎናቸው አይንቀሳቀስም። ጴንጤ የሚታወቀው በዚህ ነበር።

በኅዳር ወር 1970 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ባልና ሚስቱን ወደ ቀበሌው ግቢ ወሰዷቸው። ብርቄ ገና የሁለት ወር ሕፃን ነበረች። እትዬ ጣይባ ከእናትዋ እቅፍ ተቀብለዋት በር ላይ ቀሩ። ወይዘሮ ተናኘ እሑድንም እዚያው ውለው አደሩ። ጡታቸው አግቶ ቀሚሳቸውን እስከ ወገባቸው አረጠበው። ከጎናቸው ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት አቶ ቢያዝን አንድ ጊዜ በሹክሹክታ «አይዞሽ» አሏቸውና ለዚያች ቃል በጥፊ ተመቱ።

ሰኞ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። የላም ወተት አልወስድ ብላ ስታለቅስ የሰነበተች ሕፃን ድምፅዋ ሰልሎ የድመት ግልገል ይመስል ነበር። እትዬ ጣይባም ይጮሃሉ፦ «ኧረ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ይቺ ነፍስ ምን አጠፋች? ወይ እናትዋን ስጧት፣ ወይ እኔንም እሰሩኝ!» የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ወይዘሮ ተናኘ ዞር ብሎ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «እጅሽን አንሺና ሂጂ አጥቢ፤ ማን ያዘሽ?» አላቸው።

ግራ እጃቸውን አነሡ። ቃሉንም አሉት። ድምፃቸው ስላልተሰማ ድገሚ ተባሉ፤ ደገሙት። የወዲያኛው ክፍል እስረኞችም እንዲሰሙ ጮክ በይ ተባሉ፤ ጮክ አሉ። ከዚያ በሩ ተከፈተላቸው። ሲወጡ ባላቸው ወደቆሙበት ግድግዳ አልዞሩም። «ያን ፊት ሳላየው ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው እርሱን ብቻ ሆነ» ይሉ ነበር። አጥር ሥር ተቀምጠው ልጃቸውን አጠቡ። ሌሎቹ ወደ እስር ቤት ሲወሰዱ እርሳቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዛቸው ፍርሃት ከቀበሌው ፍርሃት የባሰ ነበር። በሰው ፊት ጌታን የካደውን እርሱም በአባቱ ፊት እንደሚክደው በቃላቸው ያውቁታል፤ የሚያስቡት ሌላ ቃል ጠፋባቸው። ሰማይ እንደ ቀበሌው በር ከኋላቸው የተዘጋ መሰላቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ሲገልጡ የሚከሳቸው ገጽ ብቻ ይወጣል። ሲጸልዩ አፋቸው «አባት» በሚለው ላይ ይያዛል። ልጃቸውን ሲያጠቡም፣ ጌታን ክጄ የገዛሁት ወተት ነው የማጠጣት እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ለባላቸው ስንቅ ያበስላሉ፤ ይዞ መሄዱ ግን አልሆነላቸውም። «ብሄድ ምን ዓይን አለኝ?» ይላሉ። ስንቁን የሚያደርሱት እትዬ ጣይባ ነበሩ። በዚያ ዘመን እስር ቤት በር ላይ ስንቁ ከተመለሰ የማይነገረው ተነገረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስም ክልክል ነበር። አንድ ቀን እትዬ ጣይባ ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዘው መጡ። መደብ ላይ አስቀመጡት። ወይዘሮ ተናኘ መኪናው ላይ ተቀምጠው ስለነበር እግራቸው መርገጫውን መተው አቃተው፤ ባዶውን ረገጡ፣ ረገጡ። እግዚአብሔር ቅጣቱን ጀመረ ብለው ነው ያሰቡት።

እትዬ ጣይባ ግን አርፈው የሚቀመጡ ሴት አልነበሩም። ያንኑ ምሳ ዕቃ ይዘው በማግስቱ ሐረጎን ወጡ፤ ደሴ እስር ቤት በር ላይ ቆመው የሰውየውን ስም ጠሩ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ከግቢው በር ጀምረው ይጮሁ ነበር፦ «አብሽሪ! አብሽሪ ተናኘ! ሕያው ነው፣ አዛውረውት ነው!» ከነጠላቸው ሥር የሚታጠብ ሸሚዝ አወጡ። ወይዘሮ ተናኘ አንገትጌውን ገልብጠው የራሳቸውን ስፌት አዩት። ሸሚዙን ይዘው አለቀሱ፤ ዳሩ ደስታቸው ግማሽ ነበር። እርሱ ከኖረ አንድ ቀን ይመጣል፤ ከመጣም ያያቸዋል።

በዚያው ዓመት ጥቂቶቹ አማኞች መሰብሰቢያ ሲያጡ፣ የኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነርስ የነበሩት እህት ሙሉመቤት አንድ ሐሳብ አመጡ። የልብስ ሰፊ ቤት ሰው ቢገባበት ቢወጣበት ማንም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ብጫቂ ጨርቅ በብብቱ ይዞ እሑድ ከሰዓት ይመጣል፤ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘ በተትረን ጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። ውስጥ በሹክሹክታ ሲጸለይ ወደ ውጭ የሚሰማው የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ መሆን ነበረበት። ወይዘሮ ተናኘ «እጄን ማንሣቴን ረሳችሁት?» ቢሏቸው እህት ሙሉመቤት፣ «አልረሳንም። ቤትሽን ስጪን» ብለው ነው የመለሱላቸው።

ሰጡ። እርሳቸውም መኪናው ላይ ተቀመጡ። ልክ እንደ ልጅነታቸው ክር አውጥተው፣ አቡጀዲ አንጥፈው፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ ይረግጣሉ። አቡጀዲው በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት ይሆናል እንጂ አንዲት ስፌት አይታይበትም። ጀርባቸውን ለጉባኤው ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት። ሌላው ሰው ለአገልግሎት መስሎት ያመሰግናቸዋል። እርሳቸው ግን ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው፣ እንደገና ብያዝ እሰበራለሁ፣ የማንንም ፊት ካላየሁ የማንንም ስም አልጠራም ብለው ነው። ሁለተኛው ኅብስቱ ነው። የጌታ ራት በሚቆረስበት እሑድ መኪናው መቆም ስለሌለበት ኅብስቱ በጀርባቸው በኩል ያልፋል። ኅብስቱን ዓርብ የሚጋግሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ከዚያች ሰኞ ወዲህ ግን አንድ ቀን አልቀመሱትም። ለእኔ የሚገባው ከማዕዱ የተረፈው ዳረጎት ነው፣ ከደጅ ሆኜ መርገጥ አይበዛብኝም ብለው ቆርጠው ነበር።

አቶ ቢያዝን በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. ተፈቱ። ማንም ሳያውቅ በሁለት ዱላ ተደግፈው ከአውቶቡስ ወረዱ። ወይዘሮ ተናኘ ከበሩ ላይ ሲያይዋቸው ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ያዛቸውና ወደ ኋላ ሸሹ። ውሃ አሙቀው የባላቸውን እግር ሲያጥቡ የውስጥ እግራቸውን አዩት። የእግር ቆዳ አይመስልም ነበር፤ መርገጥም አይችልም። ይህ አንቺ እጅሽን ባነሣሽባት ሰኞ የተገዛ ነው የሚላቸው ድምፅ በውስጣቸው ሲጮህ ሳምንታት አለፉ። አቶ ቢያዝን ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። አንድ ማዕድ እየቆረሱ ይተፋፈሩ ነበር።

የፋሲካው ሰሞን እሑድ ጉባኤው እንደ ልማዱ ብጫቂ ጨርቁን ይዞ ገባ። ወይዘሮ ተናኘ ይረግጣሉ። እህት ሙሉመቤት ኅብስቱን ባርከው ሲያዞሩ አቶ ቢያዝን ዓይናቸውን ከባለቤታቸው ጀርባ አላነሡም። ኅብስቱ እዚያ ደርሶ ሲያልፍ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለምን ለእርሷ አትሰጡም?» ቢሉ እህት ሙሉመቤት፣ «አንተ ከታሰርህ ወዲህ ቀምሳ አታውቅም። ለእኔ አይደለም ትላለች» አሏቸው። አቶ ቢያዝን ይህን እስከዚያ ሰዓት አያውቁም ነበር።

ዱላቸውን ትተው ግድግዳ እየያዙ ወደ መኪናው ሄዱ፤ ባለቤታቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን መዘውሩ ላይ ጣሉት።

«ተነሺ ተናኘ። ዛሬ እኔ ልስፋ።»

«በየትኛው እግርህ?»

«እጅ አለኝ አይደል» አሉና መዘውሩን በእጃቸው ያዞሩት ጀመር። ከዚያ ያን ያህል ዘመን የተፈራውን ተናገሩት፦ «ያን ቀን እጅሽን ስታነሺ አየሁሽ። ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? ልጄ ጡት አገኘች፣ ተመስገን፣ ነው ያልኩት። አሁንም የምለው እርሱኑ ነው። እኔ ጀግና ሆኜ አይደለም የቀረሁት፤ ደሴ እስር ቤት በር በተንኳኳ ቁጥር እንደ ሕፃን ሽንቴ ያመልጠኝ ነበር። በዚያም ጊዜ ጌታ አልጠላኝም። አንቺን ብቻ የሚጠላበት ምክንያት ከየት መጣ?»

ወይዘሮ ተናኘ ተነሥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጉባኤው ዞሩ። ስንት ጊዜ በድምፃቸው ብቻ የሚያውቋቸውን ሰዎች ፊት አዩ። ጴጥሮስ ክዶ ሲያበቃ ጌታ ዓሣ ጠብሶ ቁርስ ብላ እንዳለው፣ ለምን ካድህ ብሎ እንዳልጠየቀው፣ እህት ሙሉመቤት አስታወሷቸው። ኅብስቱንም ዘረጉላቸው። ልክ በዚያች ሰዓት ከውጭ የአብዮት ጠባቂው የጀላል ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ላይ መጥቶም ቆመ።

በእጅ የሚዞረው መኪና እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ይሄዳል፣ ይቆማል። ጀላል፣ «የተናኘ መኪና ዛሬ ምን ሆነ? ያነክሳል» ሲል ሁሉም ሰማው። ከጎረቤት በራፍ እትዬ ጣይባ ነጠቅ አድርገው መለሱለት፦ «የመኪናው ጠፍር ላልቶ ነዋ! ይልቅ ና ወዲህ ጀላል፣ አፈር ስሆን ይቺን ጆንያ አንሣልኝ፤ ጎረምሳ ቆሞ አሮጊት ትሸከም?» ልጁ ግን ከበሩ አልራቀም።

እናታችን ያን ጊዜ እንዳልፈሩ አንጽፍም። በሩ ቢከፈት ያቺን ቃል ቀድሜ የምጮህ እኔ ነኝ ብለው አስበዋል። ነገር ግን ኅብስቱን መልሰው አላስቀመጡትም። እየተንቀጠቀጡ ከአፋቸው አደረጉት፤ እየተንቀጠቀጡ ዋጡት። «ፍርሃቴ አልሄደም፤ የሄደው ክሱ ነው» ይሉ ነበር። «የምወደደው ስደፍር ብቻ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ፈርቼም ተወደድኩ።» ጀላልም ጆንያውን ሊያነሣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ጉባኤው በየተራ ያዞረው ነበር። በ1975 ዓ.ም. ልጃቸው ሞላልኝ ተወለደ። ጸሎት ቤቱ በ1983 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲከፈት ወይዘሮ ተናኘ ለብዙ ሴቶች ስፌት አስተምረዋል። ስፌት ለመማር የሚመጡት ግን ሁሉም ስፌት ፈልገው አልነበረም። በዚያ ዘመን እጁን ያነሣ፣ ወንድሙን ያሳጣ፣ ከማዕዱ የሸሸ ሰው ቀስ ብሎ እየመጣ እርሳቸው ዘንድ ይቀመጣል። እርሳቸውም ምክር ሳያበዙ የራሳቸውን ሰኞ ይነግሩትና ዳቦ ይቆርሱለታል። አቶ ቢያዝን በ1998 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሲሄዱ፣ እትዬ ጣይባ ደግሞ በተከታዩ ዓመት ሲያርፉ፣ «አሁን ጮኾ የሚያድነኝ ሰው አለቀ» ብለው አልቅሰዋል።

ወይዘሮ ተናኘ በ2009 ዓ.ም. በመርሳት ሕመም ተያዙ። ሕመሙ የልጆቻቸውን ስም ወሰደ፣ የእሑዱን ቀን ወሰደ፤ ያቺን ሰኞ ግን ትቶላቸው ሄደ። በር ሲንኳኳ «መጡ!» ብለው ግድግዳ ይይዛሉ። በመጨረሻም ምግብ እምቢ አሉ። ዳቦ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን አዙረው «ለእኔ አይደለም» ይላሉ። ሐኪሙም መላ አጣ። ብርቄ እናትዋ በዚያ ክስ ውስጥ እንዳሉ እንዳይሞቱ ፈራች፤ እውነቱን ለመናገር እጅግ ፈራች። አብራቸው ብትጸልይ፣ ቃሉን ብታነብላቸው፣ አልሰማ አሏት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አሮጌውን መኪና ከጓዳ አውጥታ አልጋቸው አጠገብ አኖረችው። ክር አላስገባችበትም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ መዘውሩን በእጅዋ ማዞር ጀመረች፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያነክሳል። እናታችን ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። የጨበጡት ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ተፈታ። ፊታቸውን ከግድግዳው አዙረው፣ «ቢያዝን፣ እግርህን አመመህ?» አሉ። ብርቄም «እጅ አለኝ አይደል» ብላ መለሰች፤ ወንድሟ ሞላልኝም ዳቦውን ዘረጋላቸው። አፋቸውን ከፈቱ። በሉም። ከዚያ ቀን እስከ መጨረሻቸው መኪናው እየዞረ ይበሉ ነበር፤ በር ሲንኳኳም «ይግባ» ይሉ ነበር።

በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በኮምቦልቻ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ዛሬም ግድግዳ የሚጋሩንን የእትዬ ጣይባን ልጆች ትተው አልፈዋል። የእትዬ ጣይባ ልጆች ከትናንት ጀምሮ ይህን ድንኳን የተከሉልን፣ ለቀስተኛውንም የሚያስተናግዱልን ናቸው።

ፈርተው ሳሉ የወደዳቸው ጌታ ዛሬ ፍርሃት በሌለበት ማዕድ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙሮ ያስቀምጣቸው፤ ነፍሳቸውንም በፍቅሩ ያሳርፍ። በዚህ ለቅሶ መካከል ጀርባውን ሰጥቶ የሚረግጥ ሰው ካለ፣ እናታችን መልእክት ትተውለታል፦ ተነሥ፣ ዙርና ብላ፤ መዘውሩን የሚያዞርልህ ሰው አለ።